«በረዶማ ፈልገን ነው የመጣነው»

ባለፈው አርብ የልጄ ልጅ ልያ ከትምህርት ቤቷ ጋር በረዶ ላይ ስትንሸራተት ውላ በቀጥታ እኛ ቤት መጣች። ቶሮንቶ፣ ስካርቦሮ ያለው አፓርታማችን አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ገና ከሊፍቱ ስትወጣ ድምፅዋ ይሰማኛል። ገባች፣ ቦት ጫማዋን በሩ ሥር ወረወረች፣ እርጥብ ጓንቷን ማሞቂያው ላይ ዘረጋችና የሚበላ ፍለጋ ወደ ማቀዝቀዣው ሮጠች። ትንሽ ቆይቶ ሽታው መጣ። እርጥብ ሱፍ በጋለ ብረት ላይ ሲደርቅ የሚሸተውን ሽታ የዚህ አገር ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ዝናብ የመታው በግ ይሸታል። ለሌላው ሰው ምንም አይደለም። እኔን ግን ከተቀመጥኩበት ሶፋ አንስቶ ሠላሳ ምናምን ዓመት ወደ ኋላ ወሰደኝና፣ በዚህ ዕድሜዬ ፊቴ በእፍረት ሲግል ተሰማኝ።

ያኔ የምንኖረው ዌስተን የሚባል ሰፈር ነበር፤ መስኮቱ ወደ ባቡር ሐዲዱ በሚያይ አሮጌ አፓርታማ ውስጥ። አሁን በዚያ ሐዲድ ላይ ሻንጣ የያዘ መንገደኛ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ሽው ብሎ ያልፋል። ያኔ የማስታውሰው የዕቃውን ባቡር ነው፤ ፉርጎው ተቆጥሮ የማያልቅ፣ ባለፈ ቁጥር ቁም ሣጥን ውስጥ ያለውን ብርጭቆ ሁሉ የሚያንጫጫ። የክረምት ልብስ የምንገዛው ኤግሊንተን ዌስት መንገድ ሄደን ነው። ከጃማይካዎቹ ፀጉር ቤቶች መሀል አንዲት ካፖርት የምትሸጥ ሴትዮ ነበረች፤ ደንበኛዋን ሁሉ «ዳርሊንግ» ነው የምትለው። ባለቤቴ ጸሐይ መጀመሪያ ቀን ይህን ስትሰማ ያፈጠጠችው ሴትዮዋ ላይ ሳይሆን እኔ ላይ ነው። ካፖርቱን ገዝተን ስናበቃ ከጎን ካለው ዳቦ ቤት ሥጋ የተሞላ ትኩስ ፓቲ በአንድ ዶላር እንገዛና፣ አውቶቡሱ እስኪመጣ በወረቀቱ እጃችንን እያሞቅን እንበላለን። ባለፈው ዓመት በዚያ ሳልፍ ሱቋም ዳቦ ቤቱም የሉም። መንገዱን ለባቡር ሲቆፍሩ የኖሩባቸው ዓመታት ብዙውን ሱቅ ይዘውት ሄደዋል። ጥጉ ላይ ቆሜ የት ጋ እንደነበረች ለመለየት ብሞክር አቃተኝ፤ አንድ ብርቱካንማ ሰደርያ የለበሰ ሠራተኛ «ጠፋህ ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። አልጠፋሁም አልኩት።

ሥራዬ መሀል ከተማ አንድ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ነበር። በዚያ ዘመን ከመጣነው መካከል ፓርኪንግ ያልሠራ ቢኖር ጥቂት ነው። ከምድር በታች አንዲት የመስታወት ጎጆ፣ ከእግር ሥር ትንሽ ማሞቂያ፣ ከጆሮ ሥር ሬዲዮ፤ በክረምት ደግሞ መኪና የሚገባበት ቁልቁለት ላይ ጨው መበተን የእኔ ፋንታ ነው። አንድ ቀን አንድ ደንበኛ ከመኪናው ጣሪያ ላይ በረዶ ላይ የሚንሸራተትበትን ስኪውን አወረደና «እስክመለስ እይልኝ» ብሎኝ ሄደ። ካሜራ የያዘ ጓደኛዬ በአጋጣሚ አጠገቤ ነበር። ከመቼው መውጫው አጠገብ የተከመረው በረዶ ፊት እንደቆምኩ፣ ከመቼው ያንን የሰው ስኪ በክንዴ እንደታቀፍኩ፣ ከመቼው የፀሐይ መነጽሬን ግንባሬ ላይ እንደሰቀልኩ አላውቅም። ፎቶው ሲታጠብ አማረብኝ። ከጀርባው «ቅዳሜና እሁድ በዚህ እንዝናናለን» ብዬ ጻፍኩና ድሬዳዋ ላሉት ለአማቴ ላክሁላቸው። ጸሐይ ፎቶውን አይታ፣ «ያንተን ጉድ አንተው ተወጣው» ብላ ፖስታውን በምላሷ አሸገችልኝ።

አማቴ አባባ ተሰማ የባቡር ጣቢያ ሹም ሆነው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ፈረንሳይኛቸው እንደ ልብ ነው፤ እንግሊዝኛን ግን የሱቅ ቋንቋ ነው ብለው ንቀው ሳይማሩት ቀሩ። ልጃቸውን ያገባሁት ደስ ሳይላቸው ነው። ሽማግሌዎቼን ሁለት ጊዜ መልሰዋቸዋል፤ በሦስተኛው ሲሰጡኝም «እንግዲህ እሷ ካለች» ብለው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚጠሩኝ «አቶ መስፍን» እያሉ ነበር። ለሰሚ ክብር ይመስላል። አማት አማቹን በዚያ ዕድሜው አቶ ሲለው ግን በሩ ገርበብ እንኳ አላለም ማለት ነው። ሌሎቹ አማቾቻቸው «ልጄ» ይባላሉ፤ አንደኛው ሰካራም ነበር፤ እሱም «ልጄ» ነው። ይህ ነገር ምን ያህል ያንገበግበኝ እንደነበር ለጸሐይም ነግሬያት አላውቅም። እንግዲህ ያ ፎቶ ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ በመስታወት ተደርጎ መሰቀሉን በስልክ ስሰማ፣ ማፈር የሚገባኝ ሰው ደስ አለኝ።

እና መጡ። በየካቲት፣ ግራጫ ሙሉ ልብሳቸውን ከነሰደርያው፣ ባርኔጣቸውን ከነላባዋ አድርገው ለሦስት ወር ጥየቃ መጡ። ከቤተ ክርስቲያን አንድ ረጅም ወንድም ካፖርቱን አዋሳቸው፤ መሬት ለመሬት ይጎተታል፤ እሳቸው ግን የጳጳስ ልብስ ያህል ተጎማለሉበት። ልጃችን ሩት ያኔ አሥር ዓመት ቢሆናት ነው። አፈ ጮሌ፣ የእናቷን የድሬ አነጋገር ወርሳ «አቦ!» የምትል፣ እንግሊዝኛውንም አማርኛውንም ያለ ወንፊት የምታንዶቀዱቅ ልጅ ነበረች። አባባ በሁለተኛው ቀን አስተርጓሚያቸው አድርገው ሾሟት። ባስ ሹፌሩ ምን አለ፣ ዜና አንባቢዋ ምን አለች፣ ጎረቤትየው ለውሻው ምን አለው፣ አንድ ሳይቀር መንገር አለባት። እሷም ሹመቷን አክብራ ከኋላቸው ቱስ ቱስ ትላለች። ሳምንት ሳይሞላቸው አባባ ምሳ ላይ ሹካቸውን አስቀመጡና፣

«ታዲያ መቼ ነው የምንሄደው፣ አቶ መስፍን?» አሉኝ።

«ወዴት አባባ?»

«ስኪ ነዋ! እዚያ ቤት የመጣ እንግዳ ሁሉ ያንን ፎቶ ሳያይ አይወጣም። ሲጫወቱ ሳላይዎት ብመለስ ምን እላለሁ?»

ጸሐይ ሳቋን በናፕኪን አፈነች። እኔ ቅዳሜ አልኩ።

የዚያን ቅዳሜ ጧት ለመኪናችን ያደረግሁትን ጸሎት ለሰው አድርጌ አላውቅም። ቡና ዓይነት ቀለም ያላት፣ ማሞቂያዋ በሾፌሩ በኩል ብቻ የሚሠራ አሮጌ መኪና ነበረች። አባባን ከፊት አስቀመጥን፤ ጸሐይና ሩት ከኋላ በብርድ ልብስ ተጠቀለሉ። በመሀላቸው ድስት አለ። ጸሐይ ሙሉ ድስት ፓስታ በሥጋ ሠርታ፣ ድስቱን በሁለት ፎጣ ጠምጥማ፣ እንደ አራስ ልጅ ታቅፋዋለች። «ሰው አገር ሄዶ መራብ የለም» ትላለች። ካሴቱ ውስጥ የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ራሳቸው የቀረጹት መዝሙር አለ፤ ኦርጋኑ ከሰዎቹ ቀድሞ የሚሄድ፣ አንዷ ሶፕራኖ ሁሉንም ጥላ የምትወጣበት። አባባ ኦርቶዶክስ ናቸው፤ ግን ሁለተኛው ዙር ላይ በጣታቸው መታ መታ ሲያደርጉ አየኋቸው። እኔ የለበስኩት ከፒጃማ ላይ የሱፍ ሱሪ፣ ከአዲስ አበባ ይዤው የመጣሁት የቆዳ ጃኬት፣ ካልሲዬ ላይ ደግሞ እንዳይበርደኝ የዳቦ ፌስታል ነው። በየመቆሚያው እግሬ ኮሽ ኮሽ ይላል። ከከተማው ስንርቅ እርሻው ሁሉ ነጭ፣ ሰማዩም ነጭ ሆነ፤ ሩት ከኋላ የመንገዱን ምልክት ሁሉ እየተረጎመች ለአያቷ ታነባለች፤ እሳቸው በፈረንሳይኛቸው «ቢያን፣ ቢያን» ይላሉ። ያን ጊዜ ከመኪናው ውስጥ ደስተኛ ያልነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ስኪ የሚያከራዩበት ቤት ገባን። ጠረጴዛው ጀርባ ያለው ልጅ እግር ሰውዬ ቁመቴን ጠየቀ፣ ኪሎዬን ጠየቀ። ሩት ጮክ ብላ ተረጎመች። «ኪሎ?» አሉ አባባ ተቆጥተው፤ «ሊያርደው ነው?» ቀጥሎ ሰውዬው ምን ያህል እንደምችል ጠየቀ። ሩት፣ «አባ፣ ጀማሪ ነህ፣ መካከለኛ ነህ፣ ወይስ በጣም ጎበዝ ነህ ይልሃል» አለችና ቀና ብላ አየችኝ። ልጅቷ እውነቱን ታውቃለች፤ ስኪ በእግሬ ነክቼ እንደማላውቅ ታውቃለች። አባባ ጢማቸውን እያሻሹ ቆመዋል። ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ «ጎበዝ ነው በይው» አልኳት። በጣም በቀስታ «ኤክስፐርት» አለችው። ሰውዬው የፌስታል ካልሲዬን አየ፣ እኔን አየ፣ ጻፈ። ያ ጫማ ከባድ ነው፣ እንደ ድንጋይ፤ ቁርጭምጭሚት የሚባል ነገር እንደሌለህ ያደርግሃል። ከዚያ ቤት ስወጣ በእያንዳንዱ እርምጃ የቤቱ ወለል ጓ ይል ነበር። አባባ ከኋላዬ «ይህ ጫማ ነው ወይስ የእስረኛ ብረት?» ሲሉ፣ ጸሐይ ድስቷን ይዛ እስክታነባ ሳቀች። እውነቴን ነው፣ እስከዚህ ድረስ ያለውን ሁሉ አሁንም ብስቅበት አላፍርም።

ጉብታዋ ትንሽ ናት። ለአማተር ዓይኔ ተራራ መሰለችኝ እንጂ ሕጻናት የሚለማመዱባት ናት። ላይ የምትወጣው የሚንቀሳቀስ ገመድ ጨብጠህ ነው። ያን ሳምንት ቅዝቃዜው ተሰብሮ ዝናብ ዘንቦ፣ ከዚያ መልሶ በርዶ ነበር፤ በቀኝ በኩል ያለው ቦታ ተገፎ፣ እዚህም እዚያም ቡናማ ሣር ይታያል። በግራ በኩል ግን ነጭ ነው፤ ያብለጨልጫል። ገመዱ አጠገብ ቀይ ጃኬት የለበሰ ሠራተኛ ቆሟል። በእጁ ወደ ግራ እያሳየ አንድ ነገር በፍጥነት ተናገረን። ሩት እንደ ልማዷ ዞር ብላ ለአያቷም ለእኔም፣

«በግራ በኩል ሁሉም በረዶ ነው ይላል» አለች።

እንግዲህ ቋንቋችንን የሚያውቅ ሁሉ ችግሩን ያየዋል። ከሰማይ እንደ ጥጥ የሚወርደውም በረዶ ነው፣ ብርጭቆ ውስጥ የሚከተተውም በረዶ ነው፣ ድሬዳዋ ቆርቆሮ ላይ የሚያንኳኳውም በረዶ ነው። ሦስቱንም በአንድ ስም ጠርተን ኖረናል፤ ተቸግረንም አናውቅም። እኔም ከአፌ የመጣልኝን፣ «በረዶማ ፈልገን ነው የመጣነው!» አልኩ። አባባ ሳቁ። ባርኔጣቸውን ይዘው፣ ወደ ኋላ ተለጥጠው፣ የወርቅ ጥርሳቸው እስኪታይ ሳቁ። ከዚያ ትከሻዬን መታ አደረጉኝና፣ «በርታ ልጄ!» አሉኝ።

ልጄ። ከአሥር ዓመት በላይ የጠበቅኩት ቃል ነው። እሳቸው ካሜራውን ይዘው፣ እኔን ከነሙሉ ክብሬ ለማንሳት፣ ከጉብታዋ ሥር በግራ በኩል አጥሩ አጠገብ ሄደው ቆሙ። እኔና ሩት ገመዱን ይዘን ወጣን። እሷ ሁለት ጊዜ ወድቃ ሁለት ጊዜ ተነሣች፤ እኔ በሆዴ የተጎተትኩበትን ክፍል ልተወው። ላይ ስንደርስ ሩት በአፍንጫዋ ጫፍ ላይ በረዶ ተለጥፎ፣ ጓንቷን አውልቃ እጅጌዬን ያዘችኝ።

ከዚህ በታች ያለውን እስካለፈው አርብ ድረስ ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

«አባ፣ ሰውየው ያለው አይስ ነው» አለችኝ። «ስኖው አይደለም። አይስ። ያኛው የሚያዳልጠው።» እንዳልገባኝ መሰላት መሰለኝ፣ ደግማ «አይስ፣ አባ» አለችኝ። ገብቶኛል። ሰውየው ራሱ ገና ከታች ሲናገረው «አይስ» የምትለዋ ቃል ጆሮዬ ውስጥ ገብታ ነበር። ስድስት ክረምት ሙሉ ጨው የምበትነው በምን ላይ ሆነና ነው? ቶሮንቶ ውስጥ ፓርኪንግ የሚሠራ ሰው ሌላ እንግሊዝኛ ባያውቅ ያቺን ቃል ያውቃታል። ግን ቁልቁል ሳይ አባባ ካሜራውን ዓይናቸው ላይ አድርገዋል። በቀኝ በኩል፣ በሣሩ ላይ፣ በቂጤ እየተንሸራተትኩ ብወርድ ያቺ «ልጄ» ወዴት ትሄዳለች? «ሰምቼሻለሁ፤ ዝም በይ» አልኳትና ወደ ግራ ዞርኩ።

የቀረውን ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ስኪው ቀጥ ብሎ ቁልቁል ገሰገሰ። መቆሚያው እንዴት እንደሆነ ማንም አላስተማረኝም፤ ኤክስፐርት ነኛ። «ኢየሱስ! ኢየሱስ!» እያልኩ ወረድኩ፤ ጸሐይ በኋላ ስትናገር ኮረብታው ላይ ላለው ሕዝብ ሁሉ ወንጌል የሰበክሁ መስሏት ነበር። አባባ አልሸሹም። የጣቢያ ሹም አይደሉ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሚመጣ ነገር ፊታቸው ሲቆም ነው የኖሩት። ካሜራውን ዝቅ አደረጉና ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው፣ መዳፋቸውን ከፍተው፣ እንደ ባቡር እንድቆም ምልክት ሰጡኝ። አልቆምኩም። አብረን አጥሩን ይዘን ተጋደምን። ከላዬ ላይ የወደቀው ካፖርት ሲነሣልኝ አባባ በጀርባቸው ተንጋለዋል፤ ባርኔጣቸው የለም፤ የዘረጉት ክንዳቸው ክንድ በማይታጠፍበት በኩል ታጥፏል። መላጣቸውን ያየሁት ያን ቀን ነው። ትንሽ፣ ነጭ፣ የሽማግሌ ራስ።

«ምን ሆነ?» አሉ። «ምን ሆነ?»

ጸሐይ እየጮኸች መጣች። ቀይ ጃኬት የለበሰው ሰው እየሮጠ መጣ፤ «ነግሬያቸው ነበር፣ አይስ ነው ብዬ ነግሬያቸው ነበር» ይላል። ሩት በዚያ በሣሩ በኩል በቂጧ እየተንሸራተተች ወርዳ ደረሰች። ሁሉም እኔን ያያል። እኔም ጣቴን አነሣሁና ወደ ልጄ ጠቆምኩ። «እሷ ናት!» አልኩ። «አይስ ሲላት በረዶ ብላ ተረጎመችልኝ! ምን ላውቅ እችላለሁ?»

ሩት አፏን ከፈተች። ዓይን ለዓይን ተያየን። ከዚያ ዘጋችው። እናቷ በድንጋጤ ላይ ሆና፣ «ስንቴ ነው ተረጋግተሽ ተርጉሚ ያልኩሽ! አያትሽን ገደልሽብኝ!» ብላ ጮኸችባት። ደግ ሰው ሆኖ የተገኘው ክንዱ የተሰበረው ነው። አባባ እያቃሰቱ፣ «ተዉአት፤ ፈረንጅ ሁለት ስም ሰጥቶታል፣ እኛ አንድ ብቻ ነው ያለን፤ ልጅቷ ምን ታድርግ?» አሉ። እንግዲህ ይህን ሲሉ ይቅር ማለታቸው ነው፤ ጥፋቱ የእሷ መሆኑንም በዚያው አጸደቁት። ሆስፒታል ስንጠብቅ ፓስታውን በላን። ከድስቱ፣ ከመኪናው መሳቢያ ውስጥ በተገኘ አንድ ማንኪያ፣ ተራ በተራ። ሩት አልራበኝም አለች።

አባባ ክንዳቸውን በጀሶ ታስረው፣ ኮታቸውን በአንድ ትከሻ ላይ ጥለው አገራቸው ተመለሱ። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ በደህናው እጃቸው አቅፈው «ልጄ» አሉኝ፤ እስኪሞቱም ድረስ ልጄ እንዳሉኝ ነው። ለሩት ከወር በኋላ አንድ ወፍራም መዝገበ ቃላት በፖስታ ላኩላት፤ ከፊቱ ገጽ ላይ በዚያ በሚያምር እጅ ጽሕፈታቸው «ለውድ አስተርጓሚዬ፣ ዳግመኛ እንዳትሳሳቺ» ብለው። ለቀልድ ነው፣ በፍቅር ነው። ሳላቅማማ ለእንግዳ ሁሉ ያንን ገጽ እገልጥ ነበር። ታሪኩ በአማርኛ ተናጋሪው ሁሉ ዘንድ ታወቀ። በሠርግ፣ በልደት፣ ከአምልኮ በኋላ ሻይ ላይ፣ «ወንድም መስፍን፣ እስቲ የበረዶዋን» ይሉኛል። እኔም አልኮራም አልልም፤ የአባባን ድምፅ አስመስላለሁ፣ እጃቸውን የዘረጉበትን አሳያለሁ፣ ሰው ሆዱን ይዞ ይስቃል። ሩት በዚያ ካለች ጭንቅላቷን እየዳበሱ «አስተርጓሚዋ!» ይሏታል። አንድ ቃል ብትሳሳት፣ «ኧረ ቀስ፣ ሰው ታስጎጃለሽ» ይላሉ፤ አራሚው ብዙ ነው። በመጀመሪያ አረፍተ ነገሯ አጠረ። ከዚያ በእንግሊዝኛ መመለስ ጀመረች። ከዚያ በቃ፣ አማርኛ ከአፏ ጠፋ። እኔ ደግሞ አንድ ጊዜ በወላጆች ስብሰባ ላይ ቆሜ፣ ማይክራፎን ጨብጬ፣ «ይህ አገር የልጆቻችንን ምላስ ነጠቀን» ብዬ ተናገርኩ። አጨበጨቡልኝ። እግዚአብሔር ይመስክርብኝ፣ ያን ቀን እውነቱ ትዝ እንኳ አላለኝም። ሰው ደጋግሞ የተናገረውን ውሸት መጨረሻ ላይ ለራሱም ይዋሸዋል።

እንግዲህ ባለፈው አርብ ልያ ብስኩቷን ይዛ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና ደብተር አወጣች። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን አማርኛ ትማራለች።

«አያቴ፣ ቲቸር ፈኒ የሆነ የቤተሰብ ስቶሪ ጻፉ ብላናለች። የበረዶውን ንገረኝ። ማሚ ሚስቴክ ያደረገችውን።»

እኔም እንደ ልማዴ ጉሮሮዬን ጠረግኩ። ልያ እርሳሷን እየቀረጸች እንደ ዋዛ ቀጠለች፦ «ማሚን ለምን አማርኛ አታወሪም ስላት፣ አንዴ ልጅ ሆኜ አውርቼ ሰው ሃርት አድርጌያለሁ፣ ጎድቻለሁ፣ አለችኝ።»

ልያ እርሳሷን አሹላ ትጠብቀኛለች። «በል እሺ» ትለኛለች። በዚህ መሀል ሩት ልጇን ልትወስድ ከሥራ መጣች። ባንክ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ አርባ ዓመት አልፏታል፤ ፀጉሯ ላይ ሽበት አለ። ካፖርቷን ሳታወልቅ በሩ ላይ ቆማ «ሄይ ዳድ» አለችኝ። እንዴት እንደጀመርኩት አላውቅም። ለልያ እንደምነግር ሆኜ፣ ሩትን ግን እያየሁ፣ እስከ ገመዱ ጫፍ ድረስ ያለውን ተናገርኩ፤ ሌላ ጊዜ የምዘለው ቦታ ላይ ስደርስ አልዘለልኩትም። አይስ ነው ያልሽኝን፣ ሁለት ጊዜ ያልሽኝን፣ እጅጌዬን የያዝሽኝን፣ ዝም በይ ያልኩሽን። ልያ መጻፏን አቆመች። ሩት ካፖርቷ ቁልፍ ላይ እጇን እንዳደረገች ቀረች። «ይቅር በይኝ» አልኩ።

ከዚያ የተናገረችው በእንግሊዝኛ ነው፤ በተራዬ እኔ ልተርጉምላት፦ «ሁላችሁም እንዳልተናገርኩ ስታወሩ፣ መጨረሻ ላይ በሐሳቤ ብቻ ያልኩት መሰለኝ። አልሜው ይሆናል ብዬ ተውኩት። አያቴ ሲሞት፣ ክንዱን ሰብሬበት ይቅርታ ሳልጠይቀው ሞተ ብዬ አለቀስኩ።» ይህን ካለች በኋላ ዓይኗን ጠረገችና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። «ዳዝ ማሚ ኖው?» እናቴ ታውቃለች ወይ ማለቷ ነው።

አታውቅም። አርባ ምናምን ዓመት አንድ ትራስ ላይ አብሬያት የተኛሁት ሰው አታውቅም። ክንዳቸው የተሰበረው አባቷ ናቸው፤ ያን ቀን በልጇ ላይ የጮኸችው እሷ ናት፤ በአባቷ ለቅሶ ላይ እንኳ እየሳቀች ለሰው የተናገረችው ያንን ታሪክ ነው። «አልነገርኳትም» አልኩ። ሩት ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አልሄደችም። ቁልፉ በሩ ውስጥ ሲዞር እስኪሰማ ድረስ ሦስታችንም እንደተቀመጥን ነበርን።

ጸሐይ ሁለት ፌስታል አትክልት ይዛ፣ በብርዱ ጉንጯ ቀልቶ ገባች። «ምን ሆናችሁ ነው እንደ ለቀስተኛ የተደረደራችሁት?» አለች። ልያ ቀደመችኝና «አያቴ የበረዶውን እየነገረን ነው» አለቻት። ጸሐይ ይህን ስትሰማ ገና ካሁኑ መሳቅ ጀመረች። ፌስታሎቹን መሬት ላይ አስቀምጣ፣ ካፖርቷን እንደለበሰች ወንበር ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። «ቆይ፣ ቆይ፣ እኔም ልስማ፤ ከበረዶማው ጀምርልኝ። የአባባን ድምፅ አድርገው።»

ሩትን አየኋት። ሩት እጆቿን እያየች ነው።

«ሩት አይስ ነው ብላኝ ነበር» አልኩ። «ላይ ሆነን። ሰምቻት ነው የሄድኩት።»

ሳቁ ከጸሐይ ፊት ላይ ቶሎ አልጠፋም፤ የምቀልድ መስሏት የሚቀጥለውን ጠበቀች። ከእኔ ወደ ሩት፣ ከሩት ወደ እኔ አየች። ከዚያ ገባት። እጇን አፏ ላይ አደረገች። የምትጮህብኝ መስሎኝ ነበር፤ የምትነሣም መስሎኝ ነበር። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ የወለደቻት እሷ ሆና ሳለ፣

«ያኔ ስንት ዓመቷ ነበር?» አለችኝ።

«አሥር» አልኩ።

«ዘጠኝ ነበርኩ» አለች ሩት፣ በአማርኛ።

ማንም አላረማትም።